ሜዳ ባዶ ነውን?

ሜዳ የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ጠባይ አለው። ተስፋ የቆረጠ ሰው «ሜዳ ላይ ቀረሁ» ይላል፤ ቤት ንብረቱን ያጣም «ሜዳ ላይ ወደቀ» ይባላል። በዚህ አነጋገር ሜዳ ጥላ ከለላ የማይገኝበት፣ ሰው የሚጣልበት ስፍራ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ጉረኛን አፉን ለማስያዝ ስንፈልግ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» እንላለን። በዚህኛው አነጋገር ሜዳ ቃልና ተግባር የሚፋጠጡበት፣ ምስክር የሞላበት ሸንጎ ነው። አንድ ቃል እንዴት የባዶነትም የሙላትም ስም ሊሆን ቻለ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው፤ ይሁን እንጂ ከመዝገበ ቃላት የመጣ ጥያቄ አይደለም። ከ2002 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ዐሥር ዓመት በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሕዝብ ሕይወት ላይ የደረሰው ነገር ያስነሣው ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ኦሎንኮሚን አልፎ ጊንጪ ይደርሳል፤ ከጊንጪ ቀጥሎ አምቦ፣ ከአምቦም ወዲያ ጉደርና ጌዶ አሉ። ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ከተማ ነች። ትልቅ አይደለችም፤ ብዙው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፋት ነች። በአቅራቢያዋ ያለው የጭሊሞ ደን ግን በመካከለኛው ደጋ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው፤ ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው እስከ ዛሬ ቆሞበታል። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ያስወጣቸው ምክንያት ሁለት ነበር፤ አንደኛው የደኑ መመንጠር፣ ሁለተኛው የኳስ ሜዳቸው ለኢንቨስትመንት መሰጠት።

ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም.፣ በአምቦ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ማስተር ፕላን ላይ የተነሣው ተቃውሞ በጥይት ተበትኖ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት ነበርና፣ የጊንጪው ፍም በደረቅ ሣር ላይ የወደቀ ሆነ። በሳምንታት ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ። ማስተር ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ተወሰነ፤ እንቅስቃሴው ግን አልቆመም፤ እስከ መጋቢት 2010 ዓ.ም. የመሪ ለውጥ ድረስ ቀጠለ። የታሪክ ሰዎች የዚያን ዘመን ምክንያት ሲዘረዝሩ የመሬትን ጉዳይ፣ ሥራ አጥነትን፣ የአስተዳደር በደልን ያነሣሉ፤ ልክም ናቸው። እኔ ግን ከኳስ ሜዳው ላይ ዐይኔን መንቀል አልቻልኩም። በሀገር ላይ ለመጣ ታላቅ ለውጥ መነሻው ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት መሬት ሲሆን፣ የማኅበራዊ ሕይወት ተመራማሪም ሆነ ከያኒ እንደ ተራ አጋጣሚ ሊያልፈው አይገባም።

ለመሆኑ አንድ የኳስ ሜዳ በመዝገብ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? እህል አይበቅልበትም፤ ቤት አልተሠራበትም፤ ግብር አይከፈልበትም፤ ካርታ የወጣለት ባለይዞታ የለውም። ስለዚህ በመሬት አስተዳደር ሠራተኛው ዐይን «ክፍት ቦታ» ነው። ይህን የሚጽፈው ሰው የግድ ክፉ ሰው አይደለም። ከበላዩ ባለሀብት አስተናግድ የሚል መመሪያ መጥቶበታል፤ ከበታቹ ሥራ ያጣ ወጣት በሩን ያንኳኳል፤ የገበሬ ማሳ ከመንካት የልጆች መጫወቻ መንካት ይቀላል ብሎም ያስብ ይሆናል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ኳስ ዳቦ አይሆንም። በዚያ መሬት ላይ ፋብሪካ ቢቆም የስንት ቤተሰብ ጉሮሮ ይረጥብ ነበር? በተራበ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ጨዋታ ውበት የሚሰብክ ጸሐፊ ማፈር አለበት።

የሆነ ሆኖ ምርጫው በዳቦና በኳስ መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ራሳቸው ዳቦውን በመረጡ ነበር፤ ረሃብን ከማንም ይልቅ እነርሱ ያውቁታልና። ነገር ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ሜዳው ባዶ ነው፣ አይደለም ብሎ የመፍረድ ሥልጣን ከእነርሱና ከወላጆቻቸው እጅ ወጥቶ ነበር። «ባዶ» የሚለው ቃል በሜትርና በገመድ የተገኘ ልኬት መስሎ በሰነድ ላይ ይሰፍራል፤ በውስጡ ግን ፍርድ ነው። ከሰዓት በኋላ በየዕለቱ ሰው የሚሞላውን ቦታ ባዶ ብሎ የጻፈ፣ ገመዱን በሰዎቹ ላይ ዘርግቶ ዜሮ አግኝቷል ማለት ነው።

የሚገርመው የቢሮው ቋንቋ ከባለቢሮው የተሻለ ማወቁ ነው። በመንግሥት ደብዳቤዎች የኳስ ሜዳ «የስፖርት ማዘውተሪያ ስፍራ» ይባላል። የቢሮ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ይኸኛው ግን ፍልስፍና አርግዟል። ማዘውተር ደጋግሞ መምጣት፣ ሳይሰለቹ መመላለስ ነው። እንግዲህ ሰው የአንድ ቦታ ባለቤት የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው ማለት ነው፤ በካርታና በመመላለስ። ባለ ካርታው መሬቱን ሳያየውም ሊኖር ይችላል፤ ያጥረዋል፣ ያስይዘዋል፣ ያከራየዋል። የአዘውታሪው ማስረጃ ግን እግሩ ነው። የጎል ቋሚው በድንጋይ ክምር የተተካ፣ ዳር ዳሩን ላም የሚግጠው፣ መካከሉን ሣር የከዳው ሜዳ ያየ ሰው፣ ያንን የተራቆተ መካከል በሺሕ እግር የተጻፈ ውል አድርጎ ቢያነበው አልተሳሳተም። ታላላቆች ለታናናሾች ሳይናዘዙ አስተላልፈውታል፤ አንድም ወራሽ ሳይኖረው ሁሉም ወርሶታል።

ሕጋችንም ቢሆን ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል ደነገገ። በዚህ ሐረግ ውስጥ ያለችው «ና» የምትባል አንዲት ፊደል ከባድ ሸክም ተሸክማለች። መንግሥትና ሕዝብ አንድ ሐሳብ በሆኑበት ቀን ማንም አያያትም። በተለያዩበት ቀን ግን ጥያቄው ሁሉ እርሷ ላይ ይወድቃል፤ መሬቱ የሁለቱ የጋራ ከሆነ፣ አንደኛው ሳይሰማ ሌላው ለሦስተኛ ወገን ሊሰጠው የሚችለው በምን ሥልጣን ነው? ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ፓርላማው በሺሕ የሚቆጠሩ የማጠሪያ ሕጎች እያወጣ፣ መንደርተኛው ከብት በጋራ ያሰማራበት የነበረውን መሬት ለባለርስቶች አከፋፈለ። ምርት አድጓል ብለው የሚከራከሩ እስከ ዛሬ አሉ። ሜዳው ባዶ ነው የተባለበት ድሀ ግን በክርክሩ ላይ አልነበረም፤ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ተሰዶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጥያቄውን የሚያበራልን በዚያው በምዕራብ ሸዋ ሕዝብ አፍ ያለ አንድ ቃል ነው። ጨፌ በኦሮምኛም በአማርኛም ይታወቃል፤ እርጥብ ሣር የሞላበት መስክ ማለት ነው። በገዳ ሥርዓት ደግሞ የሸንጎ ስም ነው፤ ዛሬ የክልሉ ምክር ቤት «ጨፌ ኦሮሚያ» የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሜጫ ኦሮሞ ተሰብስቦ ሕግ ይደነግግበት የነበረው ኦዳ ቢሲል የሚገኘው በምዕራብ ሸዋ ምድር ነው። ስለ ኦዳ ስንጽፍ፣ ስንስልም ሆነ ስንዘፍን ሁልጊዜ ዛፉን እናወድሳለን፤ ግንዱን፣ ጥላውን፣ ዕድሜውን። ሸንጎውን ሸንጎ ያደረገው ግን ከዛፉ በታች ያለው ክፍት ቦታ ነበር። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር፣ የጊንጪ ሜዳ ጉዳይ ከተነሣ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ምክር ቤቱን በመስክ ስም የሚጠራ ሕዝብ መስኩን ሲያጣ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ብዙ ጥናት የሚያስፈልግ አልነበረም።

በመላው ደጋ ሀገርም ሜዳ እንዲህ ያለ ሥልጣን ነበረው። በገና ዕለት ጌታና ሎሌ እኩል ዱላ አንሥተው በአንድ ሩር ሲራኮቱ፣ ጌታው ሎሌው ስለ መታው እንዳይቆጣ ባህሉ ያስገድደው ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በማግሥቱ ሁሉም ወደየማዕረጉ ይመለሳል። ይሁን እንጂ እኩልነት የሚባለውን ነገር ሎሌው በዐይኑ ያየው በዚያ ሜዳ ላይ እንጂ በሌላ ስፍራ አልነበረም።

እኔ የቲያትር ሰው ነኝና ስለ ባዶነት አንድ ነገር ልጨምር። መድረክ ጥቅም የሚሰጠው ባዶ ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ ቤተ መንግሥት፣ አንድ ጊዜ ወህኒ ቤት፣ አንድ ጊዜ ጦር ሜዳ የሚሆነው የማንም ቋሚ ቤት ስላልሆነ ነው። በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ልጅ ሳለ፣ አምቦ ትምህርት ቤት ሲማር፣ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ቲያትር ጽፎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታይቶለታል። ነገሩን ልብ እንበል። አንድ የአምቦ ተማሪ ስለ አንድ ንጉሥ ፍርድ የጻፈውን፣ እውነተኛው ንጉሥ ተቀምጠው አዩት። ይህን ያስቻለው ጥቂት እርምጃ የምትሆን፣ ለጊዜው የማንም ያልሆነች ቦታ ነች። በሌላ ስፍራ ቢሆን ልጁ በንጉሡ ፊት ቀና ብሎ ለመናገር ባልቻለ ነበር።

የሜዳ ባዶነት ለክፉ ቀንም ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ በመጨናነቁ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር። የጥምቀት በዓል፣ የፈረስ ግልቢያና የአገር አቋራጭ ሩጫ ሜዳ ለወራት የሽንኩርትና የቲማቲም መሸጫ ሆነ፤ በኋላም ተጸድቶ ለባህረ ጥምቀቱ ተመለሰ። ስንት ዘመን ባዶ ሆኖ የጠበቀ ቦታ በጭንቅ ቀን ከተማን አገለገለ። ከጊንጪው የሚለየው ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ መልሱ አጭር ነው፤ ጃን ሜዳ ሲወሰድ በውሰት ነበር።

ሜዳው የታጠረበት ሰው ሌላ ሜዳ ይፈልጋል። የጊንጪ ጎረቤት በሆነችው በደጋማዋ ጀልዱ በ1982 ዓ.ም. የተወለደው ፈይሳ ሌሊሳ ይህን ለዓለም አሳይቷል። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ኬንያዊውን ኤሊውድ ኪፕቾጌን ተከትሎ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ ሁለተኛ ሲገባ፣ ሁለት ክንዶቹን ከራሱ በላይ አመሳቀለ። በዚያ ዓመት ያ ምልክት በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ጎዳናዎች የታወቀ ነበር። ሯጩ ከውድድሩ በኋላ ወደ ሀገሩ አልተመለሰም፤ ከሁለት ዓመት በላይ በስደት ቆይቶ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

በዚህ ድርጊት ላይ በቅን ልቡና የተነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውንም በአክብሮት እንስማው። የኦሊምፒክ ቻርተር በ50ኛው ደንብ በውድድር ስፍራ የፖለቲካ ምልክት እንዳይታይ ይከለክላል። ደንቡ ጥበብ የጎደለው አይደለም። ሁለት መቶ ሀገሮች በአንድ ሜዳ የሚገናኙት እያንዳንዱ ጠቡን በር ላይ ትቶ ስለሚገባ ነው፤ ሁሉም ጠቡን ይዞ ቢገባ ሜዳው ድምፁ የጎላው ሰው ርስት ይሆናል። ከላይ ስለ ባዶ መድረክ ያልኩት ሁሉ ይህን ደንብ ይደግፋል። እንደዚሁም ሜዳሊያ የአንድ ሰው እግር ብቻ ያመጣው አይደለም፤ አሠልጣኙ፣ የቡድን ጓደኛው፣ ሰንደቅ ዓላማው አሉበት።

ሆኖም ደንቡ አንድ ነገር ታሳቢ አድርጎ ይነሣል፤ ተወዳዳሪው ጠቡን የሚናገርበት ሌላ ሜዳ በሀገሩ አለው ብሎ ያምናል። ይህ ሲጎድል ደንቡ ምሶሶው እንደ ተነሣ ጣሪያ ነው። ማሞ ወልዴ ማራቶን ባሸነፈበት በ1961ዱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ አሜሪካውያኑ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በሽልማት መድረክ ላይ ጓንት ያጠለቀ ጡጫቸውን አንሥተው ከኦሊምፒክ መንደር ተባረሩ። በዚያ ዘመን የደነገጡባቸው ሰዎች «ለምን እዚህ?» ይሉ ነበር። «ሌላ የት?» ብሎ የጠየቃቸው ጥቂት ነው። የመናገሪያው ሜዳ ሲታጠር የመጫወቻው ሜዳ መናገሪያ ይሆናል። ስፖርት ከፖለቲካ የጸዳ ይሁን የሚል ሰው ምኞቱ መልካም ነው፤ ምኞቱ ግን ዕዳ አለበት። ሸንጎውን፣ ጋዜጣውንና አደባባዩን ክፍት ማድረግ ከእርሱ ይጠበቃል። ያንን ሳይከፍል ከሯጩ ዝምታን የሚጠይቅ፣ ሯጩን እግር ብቻ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ከወገቡ በላይ ባዶ ነው ብሎ ጽፎበታል።

ስለ ዘፋኙም የሚባለው ከዚህ አይርቅም፤ በእርሱ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሃጫሉ ሁንዴሳ የአምቦ ልጅ ነው። በ17 ዓመቱ ታስሮ ከ1995 እስከ 2000 ዓ.ም. አምስት ዓመት በአምቦ ወህኒ ቤት ቆየ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ አብዛኞቹ ዘፈኖች የተደረሱት እዚያው ነው። ሜዳ በሌለበት ግቢ ዜማ ሜዳ ሆነለት ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ወገኖች መርጃ በሚሊኒየም አዳራሽ በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይ ሲዘፍን፣ ከፊቱ የክልሉ ባለሥልጣናት ተቀምጠው ነበር። መድረኩን የሰጡት ሰዎች ሙገሳ ብቻ ጠብቀው ከነበረ አልተሳካላቸውም፤ ሕዝቡ የሚጠብቅባቸውን ውሳኔ በድፍረት እንዲወስኑ አሳሰባቸው። ከአምቦው ተማሪ ቲያትር በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ያው ነገር ተደገመ። ባለሥልጣናቱም ተቀምጠው ሰሙ፤ ይህንንም ሳልጠቅስ ባልፍ ፍትሐዊ አልሆንም።

ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ አስከሬኑ ወደ አምቦ ሲጓዝ የት ይቀበር በሚለው ውዝግብ ቡራዩ ላይ ተገትቶ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ በኋላም በሄሊኮፕተር ተወስዶ ሰኔ 25 ቀን አምቦ ስታዲየም ተሸኝቶ ተቀበረ። በእነዚያ ቀናት ከ160 በላይ ሰዎች ሕይወት እንደ ጠፋ በወቅቱ ባለሥልጣናት ገልጸዋል። ከሞቱት መካከል በመንግሥት ኃይሎች ጥይት የወደቁ አሉ፤ ዘፋኙን በዐይናቸው አይተው የማያውቁ፣ በማንነታቸው ብቻ በጎረቤቶቻቸው እጅ የተገደሉና ቤታቸው የነደደባቸውም አሉ።

እስካሁን ሜዳን ባዶ ብሎ መጻፍ የቢሮ በደል መስሎ ታይቶ ከነበረ፣ እዚህ ላይ መታረም ይገባዋል። ሙት ከሜዳ ሁሉ ይልቅ የተጋለጠ ሜዳ ነው፤ «እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚል አፍ የለውምና። በእነዚያ ቀናት በሃጫሉ ዝምታ ላይ ሁሉም የየራሱን ቤት ሠራ። አንዱ ሰማዕቴ ነው ብሎ፣ ሌላው ማስፈራሪያዬ ነው ብሎ፣ ሦስተኛው ለቂሙ ምክንያት አድርጎ አጠረው። ካርታ ይዞ የመጣ አልነበረም፤ ብዙዎቹ አዘውታሪዎች ነበሩ፣ በዘፈኑ ያለቀሱና የጨፈሩ። ስለዚህ አዘውታሪ መሆን ብቻውን ሰውን ጻድቅ አያደርገውም። ሰፊው ሕዝብ የጋራ ሜዳን ሲጠብቅ ባለመብት ነው፤ በጋራ ሜዳ ላይ ሌላው እንዳይቆም ሲያደርግ ግን የሚያጥረው በሽቦ ሳይሆን በሥጋው ነው እንጂ አጥሩ ያው አጥር ነው። ይህን መጻፍ ለእኔም ቀላል አይደለም። የተበደለን ሕዝብ መገሠጽ ለከያኒ ከባለሥልጣን መገሠጽ ይልቅ ይከብደዋል፤ በጭብጨባው የሚኖር ነውና።

ታዲያ ከካድሬው፣ ከመምህሩና ከከያኒው ምን ይጠበቃል? ካድሬው በስብሰባ ላይ «ክፍት ቦታ» የሚለው ቃል ሲነሣ በስንት ሰዓትና በየትኛው ቀን እንደ ታየ ይጠይቅ፤ የኳስ ሜዳ ረቡዕ ጧት ሁልጊዜ ክፍት ነው። መምህሩ ሥራውን ያውቃል፤ ብዙ አልለውም። ከያኒው ግን ወደ ራሱ ይመልከት። በየበዓሉ ሜዳውን በድንኳንና በድምፅ ማጉያ ሞልተን፣ ሕዝቡን ተመልካች አድርገን አሰልፈን፣ ምሽት ላይ የምንተወው የተረገጠ ወረቀትና የችካል ጉድጓድ ነው። በማግሥቱ ልጆቹ ጉድጓዱን ደፍነው ይጫወታሉ።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ግቢ የሃጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ፣ የጉደሩን ደግሞ የማሞ መዘምር ካምፓስ ብሎ ሰይሟል። ስያሜው መልካም ነው፤ ስም ግን በግድግዳ ላይ ይጻፋል፣ ግድግዳውም አጥር ነው። በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ሜዳ አለ። የከተማው ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ኳሱን ታቅፎ በር ላይ ቢደርስ ይገባ ወይም አይገባ እንደ ሆነ፣ ወደ አምቦና ወደ ጉደር የሚሄድ አንባቢ ዘበኛውን ጠይቆ ይወቅ።